ፊቱ ሲለወጥ ተመልካቹ ምን አለ?

ኅዳር 13 ቀን 1956 ዓ.ም. ቅዳሜ ማምሻውን የእንግሊዙ ቢቢሲ «ዶክተር ሁ» የተባለ አዲስ ተከታታይ ድራማ ጀመረ። ታሪኩ በጊዜና በጠፈር ውስጥ ስለሚዘዋወር አንድ ሽማግሌ ነው። የሚጓዝባት መንኮራኩር ከውጭ ስትታይ በለንደን መንገዶች ዳር ይቆም የነበረውን ሰማያዊ የፖሊስ ስልክ ሳጥን ትመስላለች፤ ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ሰፊ አዳራሽ ናት። ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ዕለት፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሥርጭቱን ጀመረ። በዚያው ዘመን አርባዎቹን የጀመሩ አንድ የመድረክ ሰው ካሜራ ፊት ቀርበው ለልጆች ተረት ማውራት ያዙ። ተስፋዬ ሣህሉ ይባላሉ። አገሩ ሁሉ ያወቃቸው ግን አባባ ተስፋዬ በሚለው ስም ነው።

የለንደኑና የአዲስ አበባው ዝግጅት አንዱ ስለ ሌላው መኖር እንኳ አያውቅም ነበር። ሁለቱም ግን ከልጅነት ጀምሮ የሚከተላቸው፣ ቀን የሚቆጥርላቸው፣ የእኔ ናቸው የሚል ተመልካች አፈሩ። ሁለቱም ዘንድ አንድ ቀን ለውጥ መጣ። ያን ጊዜ ተመልካቹ ምን ማድረግ ቻለ? የእንግሊዙን ታሪክ የጻፉት ብዙዎች ናቸው። የእኛው ግን በየቤቱ እየተወራ ቀርቷል፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝም እሱ ነው።

አባባ ተስፋዬ በ1915 ዓ.ም. ባሌ ውስጥ ተወለዱ። ለቴሌቪዥን ከመታጨታቸው በፊት ረጅም የመድረክ ሕይወት ነበራቸው። ሴት ተዋንያን ባልነበሩበት ጊዜ የሴት ልብስ ለብሰው የሴት ገጸ ባሕርይ ተጫውተዋል። ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ድረስ ሄደው ወታደሩን አዝናንተዋል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በኋላ ብሔራዊ ቴአትር በተባለው ቤት፣ ለዓመታት ሠርተዋል። ስቱዲዮ የገቡት ይህን ሁሉ ልምድ ይዘው ነው። ልጆችን «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» እያሉ ይጠሩ ነበር። ድምፃቸውን ከጅብ ወደ ጦጣ፣ ከጦጣ ወደ አንበሳ ሲቀያይሩ ያየ ልጅ ሌላ ተዋናይ አያምረውም።

በለንደን የመጀመሪያው ፈተና ቶሎ ደረሰ። ዶክተሩን የሚጫወተው ዊሊያም ሃርትነል ጤናው ተቃወሰ፤ ቃለ ተውኔት መያዝም እየከበደው ሄደ። አዘጋጆቹ ሁለት ምርጫ ነበራቸው፦ ድራማውን መዝጋት ወይም ሌላ ሰው መተካት። ሌላ ሰው ቢተኩ ልጆቹ ያውቁባቸዋል። ስለዚህ ለውጡን ራሱን የታሪኩ አካል አደረጉት። ዶክተሩ የሌላ ዓለም ፍጡር ነውና ሰውነቱ ሲደክም በሌላ አካል መታደስ ይችላል አሉ። ጥቅምት 19 ቀን 1959 ዓ.ም. በተላለፈው ክፍል መጨረሻ ላይ ሃርትነል መሬት ላይ ወደቀ፤ ፊቱ በብርሃን ተዋጠ፤ ብርሃኑ ሲገለጥ የተኛው ፓትሪክ ትራውተን ነው።

ተመልካቹ ወዲያው አልተቀበለም። ቢቢሲ የተመልካች አስተያየት የሚሰበስብ ክፍል ነበረውና በአዲሱ ሰው የመጀመሪያ ሳምንታት የመጣለት መልስ ደስ የሚል አልነበረም። የተከበረውን ሽማግሌ ቀልደኛ አደረጋችሁት ያሉ ነበሩ። ቢሆንም ትራውተን ሦስት ዓመት ሠራ፤ ሲሄድ ደግሞ ለእሱም አለቀሱለት። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ አዲስ ዶክተር ሲመጣ ይኸው ቅሬታ ይነሣል፤ ትንሽ ቆይቶ ይበርዳል። እኔን የሚገርመኝ ግን ተመልካቹ መልመዱ ሳይሆን አስተያየቱ የሚጻፍበት መዝገብ መኖሩ ነው። ቅር የተሰኘ ሰው የት እንደሚናገር ያውቅ ነበር።

አሜሪካም ውስጥ በዚያው ሰሞን ተመሳሳይ ነገር ሆነ። «ስታር ትሬክ» የተባለው የጠፈር ድራማ ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ ሲሰማ፣ ቢጆ ትሪምብል የተባለች ሴትና ባለቤቷ ጆን ተመልካቹን አስተባብረው ኤንቢሲን በደብዳቤ አጥለቀለቁት። ጣቢያው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1968 ድራማው እንደሚቀጥል በአየር ላይ ተናገረ፤ ደብዳቤም አትላኩ ብሎ ለመነ። ወዲያው ግን ሰዓቱን ዓርብ ማታ አራት ሰዓት ላይ ወረወረው፤ ወጣቱ ቤት በማይገኝበት ጊዜ። በሚቀጥለው ዓመት ድራማው ተዘጋ። ደብዳቤ ጸሐፊዎቹ ያተረፉት አንድ ዓመት ብቻ ነው። የዚያ ዓመት ክፍሎች ባይጨመሩ ግን ድራማው በየከተማው ጣቢያ እየተደጋገመ ለመታየት የሚበቃ ክምችት ባልኖረው ነበር፤ በኋላ በፊልምና በአዳዲስ ተከታታዮች የተመለሰውም በዚያ ድግግሞሽ በበዛው ተመልካች ነው።

እኛ ዘንድ የመጣው ለውጥ የተለየ ነበር። አገሩ ሲለወጥ ዝግጅቱ ባለበት ቆመ። በ1967 ዓ.ም. መባቻ ንጉሡ ወረዱ፤ አባባ ተስፋዬ ቀጠሉ። ደርግ መጣ፤ ቀጠሉ። በ1977 ዓ.ም. መስከረም፣ በአብዮቱ 10ኛ ዓመት፣ ቴሌቪዥኑ ከጥቁርና ነጭ ወደ ቀለም ተሻገረ፤ ቀጠሉ። በ1983 ዓ.ም. ኢሕአዴግ ገባ፤ ቀጠሉ። ሰላምታው ያው፣ ተረቱ ያው፣ ሰውየው ያው ናቸው። ብዙ ነገር በአንድ ሌሊት ለተገለበጠበት ትውልድ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ያኔ ናዝሬት እንላት በነበረችው በአዳማ፣ በእኛ ሰፈር ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጥቂት ነው። ሰዓቱ ሲደርስ የሰፈሩ ልጅ እግሩን ጠራርጎ ይገባል። የናዝሬት አቧራ መቼም የታወቀ ነውና የቤቱ እናት በር ላይ ቆመው ጫማ ያስወልቃሉ፤ ደጃፉ ላይ የተከመረው ጫማ ከእንግዳ ቤት ይበልጣል። ቴሌቪዥኑ በዳንቴል ተሸፍኖ ኮመዲኖ ላይ ተቀምጧል። እማማ ዳንቴሉን በጥንቃቄ አጥፈው ወደ ላይ ይመልሱታል፤ ከዚያ ቁልፉን ይጫኑታል። መስታወቱ እስኪሞቅ ድረስ ማንም አይተነፍስም። አባባ ተስፋዬ ብቅ ሲሉ ከመስታወቱ ውስጥ ሆነው የሚያዩን ይመስለን ስለነበር አቀማመጣችንን እናስተካክላለን። ግማሾቻችን እቤት የምንናገረው ኦሮምኛ ነው፤ ተረቱን ከአያቶቻችን በኦሮምኛ ሰምተነዋል። ያንኑ ቀበሮና ያንኑ ጅብ በአማርኛ ሲያወሩልን ግን ሁላችንም የእኛ አያት ናቸው ብለን ነበር። የባሌ ተወላጅ መሆናቸውን ያወቅነው ካደግን በኋላ ነው።

ኢትዮጵያ የቀለም ሥርጭት በጀመረችበት በ1977 ዓ.ም. የካቲት ላይ ቢቢሲ «ዶክተር ሁ»ን ለ18 ወራት አቆመ። ውሳኔው የጣቢያው ኃላፊ የማይክል ግሬድ ነበር። ጋዜጦች ጮኹ፤ ደጋፊዎች ዘፈን ሳይቀር አስቀድተው በሸክላ አወጡ። ድራማው ተመለሰ፤ ግን አልበረታም። ኅዳር 27 ቀን 1982 ዓ.ም. የመጨረሻው ክፍል ታየና ጸጥ አለ። ቀጥሎ የሆነው ነገር ልብ ይነካል። ለ15 ዓመት ያህል፣ አንድ የቴሌቪዥን ፊልም ከመሠራቱ በቀር፣ ድራማው በሕይወት የቆየው በደጋፊዎቹ ነው። ልብ ወለድ ጻፉለት፤ በድምፅ ብቻ የሚደመጡ ድራማዎች ሠሩለት። ከእነሱ መካከል ራስል ቲ ዴቪስ የተባለ ደራሲ ነበረ። መጋቢት 17 ቀን 1997 ዓ.ም. ድራማው እንደገና ሲጀመር ጽፎ የመለሰው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ደግሞ አንድ የ15 ዓመት ስኮትላንዳዊ ልጅ ለቢቢሲ የፕሮግራም መጽሔት ስለ ድራማው አድናቆቱን ጽፎ ደብዳቤው ታትሞለት ነበር። ስሙ ፒተር ካፓልዲ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ዶክተሩ ራሱ ሆነ።

በአገራችን ተመልካችና አድማጭ ብዕር ያነሣበት ትልቁ አጋጣሚ በሬዲዮ ነው የመጣው። ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር የተባለው ድርጅት በ1994 ዓ.ም. ሁለት ተከታታይ ድራማዎች አስጀመረ፦ በአማርኛ «የቀን ቅኝት»፣ በኦሮምኛ «ዲምቢባ»። የአማርኛው ብቻ እስከ 1997 ዓ.ም. 257 ክፍል ሄዷል። ሬዲዮ ቴሌቪዥን ያልደረሰበት ገጠር ሁሉ ይገባል፤ ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ባለው መስመር ዳር ያለ ገበሬም ከቡና ጋር ያዳምጠዋል። ከ15,000 በላይ ደብዳቤ ለአዘጋጆቹ ደርሷል። ሰው የሚጽፈው ምስጋና ብቻ አልነበረም፤ ስለ ጠለፋ፣ ስለ ያለዕድሜ ጋብቻ፣ ስለ ኤችአይቪ የራሱን ታሪክ ይጽፋል፤ ለገጸ ባሕርያቱ ምክር የሚልክም ነበር። ይህን ያህል ሰው ፖስታ ቤት ድረስ ሄዶ ቴምብር የሚገዛው የሚያነብለት አለ ብሎ ስላመነ ነው። የኢትዮጵያ ተመልካች ዝምተኛ ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ታሪክ አያውቁትም።

እንግዲህ 1998 ዓ.ም. ደረሰ። «ዶክተር ሁ» ወደ አየር በተመለሰ በማግስቱ ዓመት፣ በአባባ ተስፋዬ ዝግጅት በአየር ላይ በዋለ አንድ ተረት ሰበብ ሰውየው ከሥራ ተሰናበቱ። ከ40 ዓመት በላይ በኋላ ማለት ነው። ያኔ ዕድሜያቸው ሰማንያን አልፏል። ለውጡ በታሪኩ ውስጥ አልተነገረም። ልጆቹ እንዲሰናበቷቸው አልተደረገም። ተተኪያቸውን እጁን ይዘው ስቱዲዮ አላስገቡም። ተረቱ ቅሬታ ቢፈጥር እንኳ ይቅርታ ተጠይቆ፣ ታርሞ የሚታለፍ ነበር ብዬ አምናለሁ። ለአርባ ዓመት ልጅ ያሳደገ ሰው በአንድ ተረት አይሰናበትም።

ተመልካቹስ? አዘነ፤ እርስ በርሱ አወራ። ግን የት ይጻፍ? ከ1997ቱ ምርጫ ቀውስ በኋላ ብዙ የግል ጋዜጦች ተዘግተው ነበር። የአየር ላይ ቴሌቪዥኑ አንድ ነበር፤ ቅር ያሰኘውም እሱ ራሱ ነው። ቅሬታው በየቡና ሥነ ሥርዓቱ፣ በየታክሲው፣ በየቢሮው ቀረ። አባባ ተስፋዬ በኋላ በሰጧቸው ቃለ ምልልሶች ማዘናቸውን አልደበቁም። እንግሊዞቹ ዘፈን ቀድተው ሲጮኹ እኛ ለምን ዝም አልን ብሎ መውቀስ ቀላል ነው፤ እኔ አልወቅስም። ሰው የሚጮኸው የሚሰማው ሲኖር ነው።

በዚያ ዘመን አካባቢ ሌላ የልጆች ዝግጅት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መታየት ጀመረ፤ «ጸሐይ መማር ትወዳለች»። መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ የሠሩት ነው። ዋና ገጸ ባሕርይዋ ጸሐይ የተባለች የቀጭኔ አሻንጉሊት ናት። እ.ኤ.አ. በ2008 የጃፓን ሽልማትን አሸነፈ። የአሻንጉሊት ዝግጅት አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፦ ፊቱ አያረጅም፤ ውስጡ ያለው እጅ ቢቀየር ልጁ አይደነግጥም። የአባባ ተስፋዬን ቦታ ግን አልሞላም፤ እንዲሞላም መጠበቅ አይገባም። ለአዳማ ደግሞ 1998 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዓመት ነበር። የኦሮሚያ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ድርጅት ተቋቁሞ ዋና መሥሪያ ቤቱን እዚሁ አደረገ፤ በኦሮምኛ የሚሠራ ድራማና ዜና ከገዛ ከተማችን መውጣት ጀመረ። ለብዙ ቤቶች ይህ ከተዋናይ መቀየር የሚበልጥ ለውጥ ነው። ሴት አያቶች ሳያስተረጉሙ ማየት ቻሉ።

በ2003 ዓ.ም. «ሰው ለሰው» መጣ። ሰሎሞን ዓለሙ፣ መስፍን ጌታቸው፣ ነብዩ ተካልኝና ዳንኤል ኃይሉ የሠሩት ይህ ድራማ ረቡዕ ማታ ጎዳናውን ጸጥ ያደርግ ነበር። አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ የሚባል ሰው አለ፤ ሀብታም፣ ተንኮለኛ፣ ፈገግ ሲል የሚያስፈራ። ሰፈር ውስጥ ሰው ያታለለ ሁሉ አስናቀ ተባለ። አስናቀ መቼ ነው የሚያዘው የሚለው ጥያቄ ሦስት ዓመት ሙሉ ምሳ ተበላበት። ድራማው ሲረዝም ግን ቅሬታውም አብሮ ረዘመ። ተንዛዛ፣ ማስታወቂያው ታሪኩን ዋጠው፣ እከሌን የት አደረሷት የሚል ሰው በዛ። በ2006 ዓ.ም. ሲጠናቀቅ በነጋታው ጠዋት ከአዳማ መናኸሪያ በተነሣሁበት መኪና ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም። ሾፌሩ ፍጻሜው ተቻኩሏል ይላል፤ ረዳቱ የለም፣ እንዲህ መሆኑ ነው የሚያምረው ይላል። አንዲት እናት ከኋላ ሆነው ሁለታችሁም ተሳስታችኋል ብለው የራሳቸውን ፍጻሜ መተረክ ጀመሩ፤ ሞጆ እስክንደርስ አልጨረሱም። ከተተረከው የሚሻል ነበር። ያን የሚቀበል ደራሲ፣ ያን የሚመዘግብ ጣቢያ ቢኖር ብዬ ያሰብኩት ያን ዕለት ነው።

ከዚያ ቃና መጣ፤ በ2008 ዓ.ም. ሚያዝያ ገደማ። ያኔ በናይልሳት ሳህን ያለው ሁሉ በነጻ ያየው ነበር። የቱርክን፣ የኮሪያንና የሌላ አገር ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ አልብሶ አቀረበ። «ጥቁር ፍቅር»ን ያልተከተለ ቤት በአዳማ ጥቂት ነው። እዚህ የተለወጠው ፊት ሳይሆን ድምፅ ነው፤ የኢስታንቡል ፖሊስ በአዲስ አበባ አማርኛ ያወራል። ተመልካቹ ቶሎ ለመደው፤ እንዲያውም ድምፁን ከፊቱ ለይቶ ማወቅ ጀመረ። በአንዱ ድራማ የሰማውን ድምፅ በሌላው ሲሰማ ይህ እኮ የእከሌ ነው ይላል። የአንድ ገጸ ባሕርይ ድምፅ መሐል ላይ ቢቀየር ከሁሉ ቀድመው የሚነቁት ቤት ውስጥ ሽንኩርት እየከተፉ በጆሮ የሚከታተሉት ናቸው።

የቴአትርና የፊልም ባለሙያዎች ማኅበራት ግን ተቃወሙ። የውጭ ድራማ ባህል ይሸረሽራል፣ ገና በመቆም ላይ ያለውን የአገር ውስጥ ሥራም ይገድላል አሉ። ከእንጀራ ጋር የተያያዘ ስጋት ነውና አላቃልለውም። አንድ ነገር ግን ጎድሎበታል። በሙግቱ ውስጥ ስለ ተመልካቹ ብዙ ተባለ፤ ተመልካቹ ራሱ ግን አልተጠየቀም። ቃናን የሚያየው ለምንድን ነው? አንዱ መልስ ቀላል ነው፦ ድራማው በሰዓቱ ይጀምራል፣ በየቀኑ አለ፣ ሳይነገር አይቋረጥም። ጥሩ የአገር ውስጥ ሥራ ሲመጣ ደግሞ ያው ተመልካች አልራቀም። አዜብ ወርቁና ቅድስት ይልማ ከጸሐፊዎቹ መካከል የሆኑበት «እረኛዬ» በአርትስ ቴሌቪዥን ሲታይ፣ ድርብወርቅ ሰይፉ የተጫወተችውን እናናን ሰው እንደ ዘመድ ነው የተቀበላት። የምዕራፍ ዕረፍት ሲሆን መቼ ነው የሚቀጥለው እያለ የጠበቀው ያው የቱርክ ድራማ ተመልካች ነው።

ወደ 2009 ዓ.ም. ሐምሌ ልመለስ። ሐምሌ 9 ቀን ቢቢሲ ቀጣዩ ዶክተር ሴት እንደምትሆን፣ ጆዲ ዊታከር እንደምትባል አስታወቀ። ከ50 ዓመት በላይ ወንድ ብቻ የያዘው ቦታ ነበርና ክርክሩ ዓለምን አዳረሰ፤ የተናደደ ተናደደ፣ ሴት ልጆቹን አቅፎ ያለቀሰም አለ። አምስት ዓመት ሳይሞላ ሩዋንዳ የተወለደው ሹቲ ጋትዋ ተመረጠ፤ ያኔም እንደገና ተነታረኩ። ተቋሙ ግን ለውጡን ወራት ቀደም ብሎ ተናግሯል፤ የሚሄደውም ተዋናይ በሙሉ ክብር ተሰናብቷል።

በዚያው ወር፣ ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ አባባ ተስፋዬ በ94 ዓመታቸው አረፉ። በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ። ያለቀሱላቸው በአብዛኛው ሽበት የጀመራቸው «ልጆች» ነበሩ። በ1998 ዓ.ም. የት እንደሚናገር ያጣው ተመልካች ያን ቀን ተናገረ። ዘግይቷል።

ያልዘገየ አንድ ሥራ ግን ቀርቶናል። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ካሴት ለመቆጠብ ሲል ብዙ ቴፖችን ስለደመሰሰ ወደ 100 የሚጠጉ የ«ዶክተር ሁ» ክፍሎች ምስላቸው የለም። የአንዱም ክፍል ድምፅ ግን አልጠፋም። ምክንያቱም ልጆች በየቤታቸው የቴፕ መቅጃ ማይክሮፎን ቴሌቪዥኑ ፊት ደቅነው ቀድተውታል። ተቋሙ የጣለውን ተመልካቹ አስቀመጠው።

በአዳማ፣ በቢሾፍቱ፣ በሞጆ፣ በዝዋይና በሻሸመኔ ያላችሁ ሁሉ፦ በ1980ዎቹ ቪዲዮ ዴክ የነበራችሁ ቤቶች ታስታውሱ ይሆናል፤ የሠርግ ካሴት ጫፍ ላይ፣ ባዶ በቀረው ቦታ፣ ልጆቹ ደስ እንዲላቸው ከቴሌቪዥን የተቀዳ አንድ የአባባ ተስፋዬ ዝግጅት ሊኖር ይችላል። ሬዲዮ ቴፕ የነበራችሁም «ዲምቢባ»ንና «የቀን ቅኝት»ን ቀድታችሁ ይሆናል። ካሴቱ እርጥበት ሳይበላው አውጡት፤ በየከተማው ካሴት ወደ ፍላሽ የሚገለብጡ ፎቶ ቤቶች አሉ። አንዱን ቅጂ ለራሳችሁ አስቀሩ፤ ሌላውን ለብሔራዊ ቤተ መዛግብት ወይም በቅርባችሁ ላለ ዩኒቨርሲቲ ስጡ። ለጣቢያዎቻችንም አንድ ጥያቄ አለኝ፦ የምንወደውን ስትለውጡብን ቀድማችሁ ንገሩን፤ ስትነግሩንም መልሳችንን የምትጽፉበት መዝገብ ክፈቱ።